የሠላሳ አንድ ቤት ዘር

በሰርዶ ሜዳ ማሽላው የሚያብበው በአንድ ጠዋት ነበር። በየዓመቱ መስከረም አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከወንዙ እስከ አስፋልቱ ያለው ማሳ ሁሉ በእኩል ቁመት ቆሞ በአንድ ጊዜ ያብባል። ዘሩ "ቁጥር ዘጠኝ" ይባላል። ሰኔ ሲገባ ጆንያው ከሰማይ ወርዶ በየደጁ ይቀመጣል። ገበሬው ጆንያውን ተሸክሞ ማሳው ዳር ካለው ምሰሶ ፊት ይቆማል፤ ምሰሶው "ተቀብለናል፤ ይዝሩ" ይለዋል። ሳይባል የሚዘራ አልነበረም። ሰው የራሱን ማሳ ከጎረቤቱ የሚለየው ምሰሶው ላይ ባለው ቁጥር ነው፤ ሌላ የሚለይበት ነገር አልነበረም።

ጥንቅሽ ቀምሶ የሚያውቅ ልጅ አልቀረም። ቃሉን ያውቁታል፣ ሱቅ ውስጥ በዚያ ስም የሚሸጥ ከረሜላ ስላለ። አገዳው ተልጦ እንደሚመጠጥ የነገራቸው አዛውንት ግን ቀልደኛ መስለዋቸው ሳቁባቸው።

ይመር የዘር ንጽሕና ተቆጣጣሪ ነበር። ጠዋት ወጥቶ በማሳ መሀል ይሄዳል። ወገቡ ላይ የታጠቀው መሣሪያ ባዕድ አገዳ ሲያሸት ይጮኻል፤ ይመር አገዳውን ከነሥሩ ነቅሎ ከረጢት ውስጥ ይከታል፤ ባለማሳውን "አይቀየሙኝ፣ ሥራ ነው" ብሎ ያልፋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ከማንም ጉቦ አልተቀበለም፣ ማንንም አልሰደበም። ሰዎች "ይመር ሲነቅል እንኳ ቀስ ብሎ ነው" ይሉ ነበር።

እናቱ የሞተችው እሱ አራት ዓመት ሳይሞላው ነው። ያሳደገችው የእናቱ ታላቅ እህት ረምላ ናት። ረምላ የራሷ ልጅ አልነበራትም። ስለዚህ በ2077 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መሣሪያው በረምላ ጓሮ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ከቁልቋሉ ጀርባ ሲጮኽ ይመር መጀመሪያ ያደረገው ነገር ድምፁን በእጁ አፍኖ መያዝ ነበር። አምስት እግር ማሽላ ቆሟል። ራሱ እንደ ቁጥር ዘጠኝ ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ሽማግሌ አንገት ጎንበስ ያለ፣ ፍሬው ቀይ።

"አክስቴ፣ ይኼን ከየት አመጣሽው?" አላት።

ረምላ ፊቱን አየችው። የዚያን ጊዜ ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። ስለ ዘር ጠይቋት የሚያውቅ ወጣት አልነበረም፤ የወንድሞቿ ልጆች ከተማ ናቸው፣ ጎረቤቶቿ የጆንያውን ቀን ብቻ ነው የሚጠብቁት። ይመር ሠላሳ ዓመቱ ነበር፣ የእጇ ልጅ ነው፣ እየጠየቃት ነው።

"ና ቁጭ በል ልጄ" አለችው።

ሁለት ቀን ነገረችው። የድሮውን ዘር የሚያኖሩ ሠላሳ አንድ ቤት ነበሩ፤ ሁሉንም ዓይነት የሚይዝ አንድም ቤት የለም። አንዷ ቶሎ የሚደርሰውን ትይዛለች፣ አንዷ ዝናብ ሲዘገይ የሚታገሠውን፣ አንዷ ወፍ የማይደፍረውን መራራውን፣ አንዷ ለጥቁሩ መረሬ መሬት የሚሆነውን። ሙሽራ ስትዳር ከእናቷ ቤት አንድ ቋጠሮ ይዛ ትወጣለች። አራስ ጥየቃ የሄደች በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ትሄዳለች፣ ሌላ ቋጥራ ትመለሳለች። የአንዷ ማሳ በድርቅ ቢያልቅ ዘሩ ሌላ ቤት ይገኛል፤ በዚያኛው ቤት ግን ያው አይደለም፣ የዚያን ቤት መሬትና የዚያን ዓመት ዝናብ ለምዶ ይጠብቃታል።

"ዝናቡ ሲያብድ አብሮት ያብዳል" አለችው ረምላ እየሳቀች። "እኛ ምንም አናውቅ፣ እሱ ነው የሚያውቅ። እኛ ማዟዟር ብቻ።"

የየቤቱን እመቤት ስም፣ የየቤቱን ዘር ስም፣ የሚዘራበትን ቀን፣ ሁሉንም ነገረችው። ቀበሌ ለቀበሌ እየዞረች በጣቷ አየር ላይ መንገዱን እየሣለች። ይመር ሲሰማ መሣሪያውም ይሰማ ነበር። ለዚህ ብሎ አልከፈተውም፤ አልዘጋውም ግን።

ሁለት ሌሊት አልተኛም። መሣሪያው የቀዳውን ነገር ይዞ መቅረት ወንጀል መሆኑን ያውቃል። ሪፖርት ቢያደርግ ደግሞ የዘር አዋጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዙትን እንደማያስር ያውቃል። "ማንም አይጎዳም" ብሎ ራሱን አሳመነ። በሦስተኛው ቀን አስተላለፈ።

እውነትም የታሰረ የለም። ሠላሳ አንዱም ቤት በአንድ ሳምንት ተፈተሸ፤ ከየቤቱ አንድ አንድ እፍኝ ለዘር ጣቢያው ቀዝቃዛ ክፍል ተወሰደ፣ የቀረው በእንፋሎት ተቃጠለ። ሠላሳ አንዱ ቤቶች ለሁለት ዓመት ጆንያ ተከለከሉ። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አራቱ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ከተማ ሄዱ።

ይመር ፍተሻው ባለቀ ማግስት ሥጋ ገዝቶ ረምላ ቤት ሄደ። በሩን ከፈተችለት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ተቀበለችው።

"ይግቡ። እንደምን ዋሉ?" አለችው።

"አክስቴ፣ ኧረ እኔ ነኝ።"

"አዎ። ይቀመጡ።"

አልጮኸችበትም፣ አልረገመችውም። ውሃ አቀረበችለት፣ ከመቀመጫው ሲነሳ አብራው ተነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ "አንተ" ብላው አታውቅም። በዓል ሲሆን ይሄዳል፤ "እንኳን አብሮ አደረሰን፣ አንቱንም" ትለዋለች። ልጆቹ ከቤቷ ሲመለሱ "አያታችን አባባን ለምን እንደ ዳኛ ታናግረዋለች?" ብለው ጠየቁት።

አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

በ2088 ዓ.ም. መስከረም አሥራ ዘጠኝ ቀን ማሽላው እንደ ልማዱ በአንድ ጠዋት አበበ። በአምስተኛው ቀን በወንዙ በኩል ያሉት ራሶች ነጡ። ሲነኩ ይረግፋሉ፤ ውስጣቸው ዱቄት የመሰለ አቧራ ነው። በዘጠነኛው ቀን አስፋልቱ ዳር ደረሰ። የሚያስቆመው ነገር አልነበረም፤ አንዱን አገዳ የገደለው ቀጣዩንም ይገድላል፣ ሁሉም አንድ ናቸው። ሰዎች "ነጭ ራስ" አሉት። ጥቅምት ሲገባ ምሰሶዎቹ የእርዳታ ዱቄት የሚታደልበትን ሰዓት መናገር ጀመሩ። ድምፁ "ይዝሩ" ይል የነበረው ያው ድምፅ ነው።

የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ኖላዊት የምትባል፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። ቀዝቃዛ ክፍሉን አስከፈተች። ሠላሳ አንዱ እፍኝ አለ፤ በየጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ግን የተያዘበት ቤት የምሰሶ ቁጥር ብቻ ነው። የትኛው ቶሎ ይደርሳል፣ የትኛው የመረሬ ነው፣ የሚያውቅ የለም። ረምላ የተናገረችው ሁሉ የተቀዳበት መዝገብ ፋይሉ ሲዘጋ በደንቡ መሠረት ተደምስሷል።

በሚቀጥለው ሰኔ እንዲሁ በግምት ዘሩት። የበቀለው በቀለ። ነጭ ራስም አብዛኛውን አልነካውም፤ ጣቢያው ውስጥ ሰዎች ተቃቅፈው ነበር። ነገር ግን ማሽላው የሚጠብቀው የ2077ን ዝናብ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ክረምቱ ሃያ ቀን ቀድሞ የሚወጣ ሆኗል። ዘሩ ይኼን ሁሉ ጊዜ በረዶ ውስጥ ተኝቶ ስለነበር አልሰማም። ፍሬ ለመቋጠር ሲዘጋጅ ሰማዩ ተዘጋ። ቆሞ ደረቀ።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ኖላዊት ይመርን አስጠራችው።

"አቶ ይመር፣ የቀዘቀዘው አይሆንም። በየዓመቱ ሲዘራ የኖረ ያስፈልገኛል። ከፍተሻው ያመለጠ ነገር ይኖራል?"

"አላውቅም፣ ዶክተር።"

"የሚያውቅ ሰውስ?"

"አክስቴ" አለ ይመር።

ረምላ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ጉልበቷ ደክሟል፣ ዓይኗ ግን ደህና ነው። ይመር የመጣበትን ነገር ነገራት።

"አንቱ ዘንድ ተጽፎ የለም እንዴ? ሁሉንም ነግሬዎ ነበር።"

"ጠፋ፣ አክስቴ። ደመሰሱት።"

"እ!" አለች። ያንን "እ" ይመር ስድብ ቢሆን ይመርጥ ነበር። "ፈጡማ ሞታለች። ሰሚራ ከተማ ገብታ እዚያው ቀረች። የነ ሀናን ቤት ፈረሰ። እኔ ያለኝን አንቱ ያውቁታል።" ከዚያ ጨመረች። "ኢክራም ብቻ። ዋርካ አምባ ያለችው። እሷ እጇ አያርፍም። ካለም እሷ ጋ ነው።"

"ልሂድና ልጠይቃት?"

"ለአንቱ አትሰጥም።" ምርኩዟን ፈለገች። "እኔ እሄዳለሁ። ለአንቱ ብዬ አይደለም፤ የሰው ልጅ ዱቄት ተሰልፎ ሲበላ ስላየሁ ነው።"

ይመር ለኖላዊት ደወለ። ባዕድ ዘር ይዞ በወረዳው በር ለማለፍ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ነገራት። "ዛሬ እፈርማለሁ፣ ሂዱ" አለችው። ዓርብ ቀን ነበር።

ሾፌር የሌለው አውቶቡስ ዋርካ አምባ ላይ አወረዳቸው። ኢክራም ከረምላ በጥቂት ዓመት የምታንስ፣ አጭር፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። ረምላን አቅፋ ትከሻዋን ሳመቻት። ይመርን አይታ ረምላን ጠየቀች።

"ይኼ ያ ልጅሽ ነው?"

"እኒህ ናቸው" አለች ረምላ።

ኢክራም ይኼን አንቱታ ሰምታ ሁሉንም ተረዳች። ወደ እሱ ዞራ፣ "እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥ። ወዲህ እንዳትመጣ" አለችው።

የወሰደቻት ወደ መቃብሩ ነው። መቃብር ማሳ ስላልሆነ ምሰሶ አልተተከለበትም፤ የመንደሩ ሽማግሌዎች ምሰሶዎቹ ሲተከሉ መሬቱ እንዳይቆፈር ለምነው ነበር። በመቃብሮቹ መሀል፣ በድንጋዮቹና በእሾሁ መካከል፣ ማሽላ ቆሟል። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ አጭር፣ ረጅም፤ አንዱ ደርቋል፣ አንዱ ገና እሸት ነው። ኢክራም በዚያ በፍተሻ ጊዜ ያተረፈችው የራሷን ቤት ዘር ብቻ አልነበረም። ከስድስት ቤት የተረፈውን አሰባስባ፣ በየዓመቱ እየዘራች፣ በየዓመቱ ከዝናቡ ጋር የተስማማውን እየመረጠች ነው የኖረችው። ነጭ ራስ በ2088 መጥቶ ግማሹን ወሰደ። ግማሹ እንደ ቆመ ነው።

ይመር ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ሁለቱን አሮጊቶች አያቸው። ረምላ ከአንዱ አገዳ ወደ ሌላው እየሄደች በስሙ ስትጠራው ይሰማል። አንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ራሱ ጎንበስ ያለ ቀይ ነው። በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን አስነካችው። የእሷ ነበር። ከአርባ ዓመት በፊት የኢክራም ልጅ ስትወለድ ይዛ የመጣችው።

"ዘር በባዶ እጅ አይጠየቅም" አለች ኢክራም ሲመለሱ፣ ይመር እንዲሰማ ጮክ ብላ። "እሷ ግን ድሮ ከፍላኛለች።" ከእያንዳንዱ ዓይነት ጥቂት ጥቂት በረምላ ሻሽ ጫፍ ለየብቻ ቋጠረችላት። ሰባት ቋጠሮ ሆነ። "የቀረው ገና ነው። እሸቱ ሲደርስ፣ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ኑ። ለሁሉም ይበቃል።"

በመመለሻው ረምላ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እየነካካች ትስቅ ነበር፤ ይመር ስትስቅ ካያት አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የወረዳው በር ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ወገቡ ላይ ያለው መሣሪያ ጮኸ፤ በሩም መለሰለት።

"ባዕድ ዘር አለ" አለ በሩ። "በመስኮቱ በኩል ያስገቡ።"

"ፈቃድ አለኝ። ተቆጣጣሪ ነኝ" አለ ይመር፤ መታወቂያውን አሳየ።

"ፈቃድ አልደረሰም። ያስገቡ።"

ኖላዊት ጋ ደወለ። "ፈርሜያለሁ እኮ!" አለችው። "ዝርዝሩ የሚታደሰው ሰኞ ነው መሰለኝ። ቆይ፣ ሰው ልፈልግ።" ዓርብ ማታ ስለሆነ ሰው አልተገኘም። በሩ እስከ መቶ ቆጠረ። ከዚያ የአውቶቡሱ በር ተከፍቶ ሁለት ረዣዥም ክንዶች ገቡ። ጨካኝ አልነበሩም፤ ሻሹን ሳይቀዱ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ፈትተው ወሰዱት። በመስኮቱ በኩል ነጭ እንፋሎት ወጣ። ሻሹን አጣጥፈው መለሱላት።

በሩ ዘሩ ከየት እንደመጣ አልጠየቀም። ይመር ቀኑን የዋለበትን ቦታ ከወገቡ መሣሪያ ላይ በሩ ራሱ አነበበ።

ይመር ይኼን ያወቀው ቅዳሜ ጠዋት ነው። መሣሪያውን ሲከፍት ተቆጣጣሪው በትጋት ስላገኘው ምንጭ የምስጋና መልእክት ደርሶት ነበር፤ ከሥሩ "ጽዳቱ ተጠናቋል" ይላል። ቦታው ዋርካ አምባ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ፈቃዱ ደረሰ። ኖላዊት ራሷ ደውላ ነገረችው። ይመር የሚያደርገው ስላጣ ረምላ ቤት ሄደ። በሩ አጠገብ ፀሐይ እየሞቀች ነበር።

"አክስቴ፣ ፈቃዱ መጥቷል" አላት። ለምን እንደነገራት እሱም አያውቅም።

ረምላ ተነሣችለት።

"እንግዲያ ፈቃዱን ይዝሩታ" አለችው፤ ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

ማክሰኞ ይመር መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ በእግሩ ዋርካ አምባ ሄደ። አምስት ሰዓት ፈጀበት። ኢክራምን ያገኛት መቃብሩ ውስጥ ነው። የጽዳቱ መኪና በመቃብሮቹ ላይ ሄዷል፤ ድንጋዮቹ ተገለባብጠዋል፣ የጎማው ፈለግ ላይ የእንፋሎቱ ውሃ ቋጥሯል። ማሽላው እንደተቀቀለ ጎመን ተኝቷል። ኢክራም ብቻዋን ድንጋይ ታነሣ ነበር። አየችው።

"እትዬ ኢክራም፣ እኔ..."

"አካፋው እዚያ ነው" አለችው።

ይመር አካፋውን አነሣ። ፈለጉን ሞላ፣ አፈሩን መለሰ፣ ድንጋዮቹን ተሸክሞ እሷ ባለችው ቦታ አኖረ። "ይኼ የባሌ ነው። ወደ ቀኝ አድርገው። ይኼ የልጄ። ይኼ የማንም አይደለም፣ መንገደኛ ነበር፤ እሱንም አስተካክልለት።" እጁ ተልጦ ደማ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንድም የተገለበጠ ድንጋይ አልቀረም።

ኢክራም መሬት ላይ ቁጭ አለች። አጠገቧ ከወደቀው አገዳ አንድ ራስ ቀጠፈች፤ በመዳፎቿ መካከል አሸችው፣ ገለባውን እፍ አለችው። ፍሬው ቀይ ነው፣ ጎላ ጎላ ያለ፣ ቆዳው ተሰነጣጥቋል። አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሷ ነከሰች።

"በስሏል" አለች።

ይመር አንገቱን ደፋ።

በመዳፏ ያለውን ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን ወደ እሱ ዘረጋችለት።

"ያዝ።"

"ኧረ እኔስ..."

"ያዝ እንጂ። ንፍሮ ነው። ልቅሶ መጥተህ ሳትቀምስ አትሄድም።"

ተቀበላት። ሁለቱም በመቃብሮቹ መሀል ተቀምጠው በሉ። ይመር አንድ በአንድ ነበር የሚያኝከው። ይጣፍጥ ነበር።